ያልሸጥኳት ሙዳይ

ጥቅምት 4

ዛሬ ለሱቁ አዲስ ዕቃ ገባ። መጽሐፍም ስጦታም። ሙሉቀን ራሱ ካርቶኑን ተሸክሞ አስገባው... የኪነ ጥበብ ማዕከሉ ኃላፊ ሆኖ መሸከሙን ወደድኩለት። ወዲያው ደግሞ አናደደኝ። "እትዬ ሐረግ፣ አዲሶቹ ፊት ለፊት ይሁኑ፤ የድሮዎቹ ወደ ኋላ።" ማንን ነው የድሮ የሚለው?

ሥዕል የታተመባቸው ኩባያዎች፣ የቁልፍ መያዣ፣ የጨርቅ ቦርሳ። የልጆች ተረት፣ ልብ ወለድ። አንድ ደግሞ ትልቅ የፎቶ መጽሐፍ፣ ስለ ስፌት ጥለት። እሱን ቆሜ ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩት። የሐረር አለ፣ የጎንደር አለ። የአብሮ አደጌ የጣይባ እናት ጥለት የለም። እኛ ይፋቶች ስፌት አናውቅም ማለት ነው?

ጣይባ በእናቷ ጥለት ሰፍታ ለሽያጭ የሰጠችኝን ሙዳይ ከመደርደሪያው አነሳኋትና በነጠላዬ ጠቅልዬ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጥኳት። አልሸጣትም።

ጥቅምት 6

መብራት የለም። ቬንቲሌተሩ ቆሟል። የሸዋሮቢት ሙቀት በጥቅምትም አልለቅ አለ።

ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ቆሞ ሰዎች ገቡ። ኩባያ ገዙ፣ ተረት ገዙ። ሲወጡ ሙዳይዋን አውጥቼ ሳያት ቆየሁ። ክዳኗ ላይ ያ ቀይና ጥቁር... የጣይባ እናት በረንዳ ትዝ አለኝ። ስንደዶ ከደጋ ሲወርድ ከገበያ እንገዛለን፣ እንነክራለን፣ እኔና ጣይባ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን እንሰፋለን። ወስፌው የሚወጋው የኔን ጣት ብቻ ነበር። "የአንቺ እጅ ለእርሳስ ነው የተፈጠረው" ይሉኝ ነበር እናቷ፣ እየሳቁ። እኔ ተውኩ፣ ጣይባ ቀጠለች።

በረንዳው ዛሬ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጥበታል። እናቷም የሉም። የጣይባም ዓይን ደከመ፤ ከዚህች ሌላ ልትሰፋ ነው? አይመስለኝም። ያንን ጥለት የያዘች ይቺ ብቻ ቀረች። እና ለመንገደኛ ልስጣት?

ጥቅምት 11

ጣይባ ከገበያ ስትመለስ ጎራ አለች። ስለ ጉልበቷ አወራን፣ ስለ ማንጎው፣ ስልክ ስለማይደውሉ ልጆቻችን። ስትነሳ እንደ ሁልጊዜዋ ጠየቀችኝ።

"ተሸጠች እንዴ?"

"ገና ናት።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ግን ወደ ኩባያዎቹ ዞር ብላ፣ "እነዚህማ ይሸጣሉ" አለች፣ ቀስ ብላ። ምን ከፋት? ደክሟት ይሆናል...

ጥቅምት 15

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሲሃም፣ የጣይባ የልጅ ልጅ፣ ለእህቷ የተረት መጽሐፍ ልትገዛ መጣች። ስጠቀልልላት "አያቴ ስፌት ተወች፤ ወስፌዎቿን ሁሉ ለእኔ ሰጠችኝ" አለችኝ።

"ዓይኗ ነዋ" አልኩ።

"ኧረ ዓይኗ አይደለም፣ እሷ በጣቷ ነው የምትሰፋው። ሙዳይዋ አልሸጥ ብላ ነው። 'እጄን የሚፈልግ ሰው ጠፋ' ትላለች። ደግሞ እኛ ቤት ያለቀው ሳይሸጥ ሌላ አይጀመርም። ስንደዶው ተገዝቶ እንደተቀመጠ ነው።"

ይህን ልማድ አላውቀውም? አውቀዋለሁ እንጂ። እናቷ ያለቀው ስፌት ወደ ሰው ቤት ካልሄደ አዲስ ስንደዶ አይነክሩም ነበር። እንዴት ረሳሁት? እዚያው ሥራቸው ቁጭ ብዬ ያደግሁ ሰው...

ለሲሃም መናገር አፈርኩ። እንደወጣች ሙዳይዋን ከአዲሶቹ ሁሉ ፊት አስቀመጥኳት። ሙሉቀን "ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?" አለ። "ከእኔ ሞኝነት" አልኩት። አልገባውም። እኔም አላስረዳሁትም።

ጥቅምት 20

ተሸጠች።

ለሠርጓ ዕቃ የምትገዛ ልጅ ናት፣ ከካራቆሬ። ክዳኗን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። "ማን ናት የሰፋቻት?" አለችኝ። "ጣይባ ትባላለች፣ አብሮ አደጌ ናት።" "እጇ ይባረክ" አለች። ጠቅልዬ ሰጠኋት። ከሄደች በኋላ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ የጣይባን እናት ሁለተኛ የቀበርኩ ያህል።

ሱቁን ዘግቼ በቀጥታ ጣይባ ዘንድ ሄድኩ። መሸጧንም መደበቄንም ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ... በምኑ ነው ደስ የሚላት?

"ክረምቱን ሙሉ 'ገና ናት' ስትዪኝ፣ ከባንኮኒ ሥር ነበረች?"

"ክረምቱን እንኳን መደርደሪያ ላይ ነበረች። ሰው ሲያነሳት 'የታዘዘች ናት' እል ነበር።"

"ወላሂ ሐረግ፣ ጤነኛ አይደለሽም። እኔ በቁሜ ሞትኩ ብዬ ነበር እኮ።"

አልሸኘችኝም። ጣይባ ሰው ሳትሸኝ ቀርታ አታውቅም።

ጥቅምት 27

ጣይባ በዚህ አላለፈችም። ገበያ አልወጣችም ይሆን? ወይስ በሌላ መንገድ ሄደች?

ኅዳር 4

ሙሉቀን ሙዳይዋ በነበረችበት ባዶ ቦታ ላይ ኩባያ ሊደረድር ነበር። እንዳትነካው አልኩት። ለምን እንዳልኩ እኔም አላውቅ።

ከቀትር በኋላ ሲሃም መጣች። "አያቴ ጥሪያት አለችኝ።" ሱቁን ለሙሉቀን ትቼ ሄድኩ። ጣይባ ደጇ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯ ሥር የተነከረ ስንደዶ። ቀና እንኳን አላለችም።

"ስፌቱን ጣቴ ያውቀዋል። ቀዩን ከጥቁሩ መለየት ነው ያቃተኝ። ሲሃም ትምህርት ቤት ትውላለች። አንቺ ደግሞ ሥራ ፈት ነሽ፤ ነይ ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። ቀይ ስትል ቀይ፣ ጥቁር ስትል ጥቁር አቀበልኳት። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ የአዲሷ ሙዳይ ቂጥ የመዳፍ ያህል ሆነ። ጠርዟ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ አልነገርኳትም። ዓይኔን ከሙዳይዋ ማንሳት አቃተኝ። ጣይባ ሳታየኝ አወቀችብኝ።

"ይቺም ስታልቅ ትወስጃታለሽ። ፊት ለፊት ታስቀምጫታለሽ። ለመጀመሪያው ጠያቂ ትሸጪያታለሽ። ማይልኝ።"

ማልኩላት።