ድንኳን የማይተከልበት ግቢ፦ ስለ ዶ/ር ፈዲላ ሃይደር ኅልፈት

መቀመጫውን ገርጂ ያደረገው የኤሊ ጥናትና ጥበቃ ማኅበር መሥራች አባልና የምርምር ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶ/ር ፈዲላ ሃይደር፣ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ረቡዕ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ቤተሰቦቻቸው፣ የጎሮ ጎረቤቶቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል። ማኅበሩ የተሰማው ሀዘን ከባድ ነው። ከመጀመሪያውም ብዙ ስላልነበርን የእሳቸው መጉደል ቤቱን ባዶ አድርጎብናል።

ለቅሶ ለመድረስ የምታስቡ ወገኖች ከመምጣታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ጉዳይ ስላለ፣ ይህን መግለጫ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ዶ/ር ፈዲላ በወሎ ተወልደው በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ። አባታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። በሥነ ሕይወት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ውጭ አገር ተምረው፣ በኤሊዎች አረባብ ላይ ባደረጉት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተዋል። «ከስንቱ እንስሳ መካከል ኤሊ?» ያላቸው ሰው ብዙ ነው። ለጠየቀ ሁሉ ሳይሰለቹ ሲመልሱ ኖረዋል፤ መልሱን ቆሞ የሰማው ግን ጥቂት ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ቦሌ ቡልቡላ ገና የእርሻ መሬት ሳለ፣ በወንዙና በኩሬዎቹ በሚኖሩ የውሃ ኤሊዎች ላይ ጥናት ጀመሩ። የእያንዳንዱን ኤሊ የጀርባ ቅርፊት ጠርዝ በሞረድ በጥቂቱ ፋቅ እያደረጉ ምልክት ያበጁለት ነበር። ይህ እንስሳውን አይጎዳውም፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ከሌላው ለመለየት ያስችላል። በዚህ ሥራቸው የአካባቢው የውሃ ኤሊዎች በበጋ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው እንደሚሰነብቱ፣ ኩሬያቸው ሲደርቅም ሌላ ፍለጋ በእግራቸው እንደሚጓዙ በማስረጃ አሳይተዋል።

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ኩሬዎቹ እየተደፈኑ ሕንፃዎቹ ሲበዙም ጥናታቸውን አላቋረጡም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ክረምት በመጣ ቁጥር ቦቲ ጫማቸውን አድርገው ይወርዳሉ፤ አንድም ሳያገኙ ይመለሳሉ። በሪፖርታቸው ላይም «አልተገኘም» ብለው ይጽፋሉ። ገንዘብ የሚረዱን ወገኖች ይህ ዓረፍተ ነገር ከሪፖርቱ እንዲወጣ ሲጠይቁ «የለም ማለትም ውጤት ነው» ብለው እንዲቆይ አድርገዋል። እንዲህ ያለውን ውጤት ይዞ ብቻን በታክሲ ወደ ቤት መመለስ ግን ያሳዝናል።

በ2006 ዓ.ም. የጀመሩት የሕዝብ ትምህርት ብዙ ኤሊዎችን ከሞት አትርፏል። አዲስ ሰፋሪ ነዋሪዎች በደጃፋቸው የየብስ ኤሊ ሲያገኙ፣ የውሃ እንስሳ እየመሰላቸው በአዘኔታ ተሸክመው ወንዝ ውስጥ ይጨምሩት ነበር። የየብስ ኤሊ ደግሞ መዋኘት አይችልም። ዶ/ር ፈዲላ በየመስጊዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየእድሩ ስብሰባ እየዞሩ «እባካችሁ፣ ደግነታችሁ እየገደለው ነው» ሲሉ ከርመዋል። ዛሬ ከጎሮ እስከ ቡልቡላ ኤሊ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ወደ እኛ ይደውላል።

የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ በተደጋጋሚ መበተኑን አባላት ታውቃላችሁ። ከእነዚያ ስብሰባዎች ዶ/ር ፈዲላ የቀሩበት የለም። ሰው ሳይመጣ ሲቀር ወንበሮቹን መልሰው ይደረድሩና ሰዎች ሜዳ ላይ ጥለዋቸው ወደ ግቢያችን የገቡትን የየብስ ኤሊዎች ለማየት ይወጡ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለሳለን። እነዚህ ኤሊዎች በግቢው ውስጥ እንቁላል ሲጥሉ ኖረዋል፤ እስካሁን ግን አንዱም አልተፈለፈለም። ዶ/ር ፈዲላ የአዲስ አበባ ብርድ ብቻውን ምክንያት ነው ብለው አያምኑም ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሠራተኞች ለመርዳት ብለው እንቁላሎቹን ከመሬት አውጥተው በጥጥ አልብሰው ነበር፤ ዶሮ ስታቅፍ እንደምታደርገው ሁሉ በየዕለቱም ሲያገላብጧቸው ሰነበቱ። የኤሊ እንቁላል አንድ ጊዜ ከተጣለ በኋላ ከተገላበጠ ውስጡ ያለው ጽንስ ይሞታል። ዶ/ር ፈዲላ ማንንም አልተቆጡም። ባለፈው ኅዳር ትልቋ ኤሊ እንደገና እንቁላል ስትጥል ግን ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ አፈሩን በእጃቸው አስተካክለው ቦታውን ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ። ሲጠየቁም «ይኼኛውን መሬቱ ይያዘው» ይሉ ነበር። እንቁላሎቹ ደህና ከሆኑ የሚፈለፈሉት መጪው ክረምት ሲገባ ነው። የት እንዳሉ ግን አሁን የሚያውቅ ሰው የለም።

የዶ/ር ፈዲላ ቤት ጎሮ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ቤት በመሆኑ፣ ለቅሶው በማኅበሩ ግቢ እንዲሆን ቤተሰቡ ጠይቆ ፈቅደን ነበር። እድርተኞቹ ድንኳኑንና ካስማውን ጭነው ሲደርሱ ከዶ/ር ፈዲላ ጋር ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ወ/ሪት ሶሬቲ ኦላና በሩ ላይ ቆመው እያለቀሱ አስቆሟቸው። ነገሩ ለሟች ወንድም ለአቶ ሐሩን ሃይደር ሲነገራቸው «እሷ የሸሸገችውን መሬት እኔ በካስማ አልወጋውም፤ ውጭ እንቀመጣለን» አሉ። እድርተኞቹም ድንኳኑን ሳያወርዱ መለሱት። ማኅበሩ ለቤተሰቡም ለእድሩም ምስጋናው የላቀ ነው።

ስለዚህ ሀዘንተኞች ከአጥሩ ውጭ ባለው ኮብልስቶን መንገድ ላይ በተዘረጉት ወንበሮች ይቀመጣሉ። ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ ወ/ሪት ሶሬቲ ለኤሊዎቹ ቅጠል ለማድረስ የአጥሩን ጥግ ይዘው ከመግባታቸው በቀር ግቢው ይዘጋል። የተፈለፈለ ከተገኘ እናሳውቃለን፤ ካልተገኘም አልተገኘም ብለን እንጽፋለን።

ለወንድማቸው ለአቶ ሐሩን፣ ለመላው ቤተሰባቸው፣ ለጎረቤቶቻቸውና ለባልደረቦቻቸው አላህ ሰብሩን ይስጥልን፤ እሳቸውንም በጀነት ያኑርልን። ከሩቅ መጥታችሁ በሩን ዝግ፣ ግቢውንም ጭር ያለ ሆኖ ብታገኙት ቅር እንዳይላችሁ። ዶ/ር ፈዲላም ከኅዳር ወዲህ በዚያ ግቢ የሚሄዱት ዳር ዳሩን ነበር።

የኤሊ ጥናትና ጥበቃ ማኅበር
ገርጂ፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.