ሳይደወልልህ ና

ለውድ ወንድሜ ለቻላቸው፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሕሊናስ? ልጃችሁ እስከዳርስ አደገች? ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን ብዬ መቀጠል ወጉ ነበር። እኔ ግን አልልህም፤ ደህና አይደለንም።

ይኸን በስልክ እንዳልነግርህ ቤቱ ሰው አይጠፋበትም፤ አጎታችን አያ ላቀውም ካጠገቤ አይርቅም። ስለዚህ በሹፌሩ በታደለ እጅ ልኬልሃለሁ።

አምና እናታችን ያረፈችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ልደውልልህ ስል አያ ላቀው ስልኩን ከእጄ ወስዶ «እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በል» አለህ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጁ በመንገድ ይደነግጣል ብለው ሽማግሌዎቹ አፌን አስያዙኝ። አንተም ትንሽ ከሆነ ብለህ ሥራህን ጨርሰህ በማግስቱ ተነሣህ። አውሮፕላኑስ እውነትህን ነው፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር ቶሎ አደረሰህ። ከዚያ ወዲያስ? አዘዞ ላይ መኪና ስትፈልግ ረፈደብህ፤ ዳባት ስትደርስ መንገድ ተዘግቷል ተባልክና እዚያው አደርክ። ደባርቅ አፍንጫህ ሥር ሆና! እኛ ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሬሳ ይዘን መንገድ መንገዱን ስናይ ቆየን። ቄሶቹ ከዚህ በላይ አይሆንም ሲሉ ቀበርናት።

ሐሙስ ጠዋት በራችን ላይ ድንኳኑን ስታይ ነው የገባህ። ያን ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ለምትሆን መንገድ እናቴን ማቆየት አቃተሽ?» አልከኝ። እኔ ላይ ጮኸህ አያ ላቀውን አቅፈህ አለቀስክ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጥክም። በጣም ነው ያዘንኩብህ፤ ዛሬም አልወጣልኝም።

አሁን ደግሞ አባባ ናቸው። ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወስደናቸው ነበር፤ ወደ ቤታችሁ መልሷቸው አሉን። እህል ከቀመሱ ሰነበቱ። ትናንት ቀና አድርጌ ውኃ ሳጠጣቸው፣ ቻላቸው ያለበት አገር ስንት ቀን ያስሄዳል ብለው ጠየቁኝ። ታውቃቸው የለ፤ ተራራው ላይ ጊች መንደር ሳለን በበቅሎ ደባርቅ ገበያ ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ መንገድን የሚያውቁት በማደሪያው ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው አልኳቸው። «አንድ ሰዓት ከሆነማ ልጄ ምነው ራቀብኝ?» አሉ። መልሱን አንተ ይዘህላቸው ና።

አያ ላቀው ይኸን መጻፌን ቢሰማ፣ በቁም ሰው ላይ ታሟርቻለሽ ይለኛል። ይበለኝ። በእናታችን ጊዜ ዝም ብዬ ያተረፍኩት የአንተን ኩርፊያ ነው።

ሕሊናን ሰላም በልልኝ። እስከዳርን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ባለቤቴ ያርጋል ሰላም ብሎሃል። አባባ ድምፃቸው ባይወጣም ሲመርቁህ ከንፈራቸውን አይቻለሁ። አያ ላቀው ሰላም አላለህም፤ መጻፌንም አያውቅ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ማንም ሳይደውልልህ ና። አያ ላቀው ደውሎ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል» ያለህ ቀን ግን አትጣደፍ፤ ያን ጊዜ በአውቶቡስም ብትመጣ ያው ነው።

እህትህ ይታይሽ
ደባርቅ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.