ርቀት ሞቷል ላሉን የሕንጻችን አስተዳዳሪ

ለተከበሩ የሕንጻችን አስተዳዳሪ፦

እርስዎ፣ ባለቤትዎና በማታው የሶሲዮሎጂ ትምህርት ያነበቧቸው መጻሕፍት ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የሰባተኛ ፎቅ ተከራይዎ፣ ደረጃውን ወጥቼ ትንፋሼ እስኪመለስ ከጠበቅኩ በኋላ ይህን በታላቅ አክብሮት ጽፌልዎታለሁ፤ ጎረቤቶቼም እንዲማሩበት ቅጂውን መግቢያው ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩. ስለ ሊፍቱ። ሊፍቱ በቆመ ጊዜ እኛ አላዋቂዎቹ ጠጋኝ ይጠራል ብለን ስንጠብቅ፣ እርስዎ ግን በሉላዊነት ዘመን ጊዜና ቦታ እንደተጨማደዱ፣ ርቀትም እንደሞተ፣ ድንበርም እንደቀረ፣ «ላይ» እና «ታች» የሚባሉትም የድሮው ኅብረተሰብ ቅሪት እንደሆኑ የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩ ላይ ስለለጠፉልን ከልብ እናመሰግናለን። ማስታወቂያው ያልገባቸው ጉልበቶቻችን ብቻ ናቸው።

፪. ስለ ውኃው። ውኃ ሰባተኛ ፎቅ እንደማይደርስ ባመለከትኩ ጊዜ፣ ዓለም በማዕከልና በዳርቻ የተከፈለች መሆኗን፣ ሀብት ሁሉ ወደ ማዕከሉ እንደሚፈስ፣ እኔም ዳርቻ እንደሆንኩ በትዕግሥት አስረድተውኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱ የፓምፑ ይመስለኝ ነበር። ፓምፑን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

፫. ይኼኛው ይረዝማልና ይታገሡኝ። እንደሚያውቁት እናቴ ከእኔ ጋር ሰባተኛ ፎቅ፣ ታናሽ እህቷ አክስቴ ደግሞ ምድር ቤት ይኖራሉ። የእናቴ ጉልበት ደረጃ አይችልም፤ አክስቴም ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አትራመድም። ስለዚህ ሊፍቱ ከቆመ ጀምሮ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ይህን በተከራዮች ስብሰባ ላይ ሳነሳ፣ «እህትማማቾቹ በስልክ ይገናኙ የለም እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ቅርበት አለ?» ብለው አስጨበጨቡብኝ። እኔ ግን አክስቴ በስልክ ስታለቅስ፣ እናቴ ስልኩን በሻርፗ ስትጠርገው አይቻለሁ።

እርስዎ ስለ ርቀት መሞት ንግግር ሊያደርጉ በአውሮፕላን ሩቅ አገር በሄዱበት ሳምንት፣ ጎረቤታችን ጥርስ ሐኪሙና ጄኔራል የምንለው የሕንጻው ጥበቃ እናቴን በወንበር ተሸክመው መውረድ ጀመሩ። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ የሐኪሙ ወገብ እምቢ አለ። ከፊታቸው ያለው በር የእርስዎ ቢሮ ነበር፤ ቁልፉም ጄኔራል ኪስ ውስጥ ነበር። እናቴን ሶፋዎ ላይ አሳረፍናት፤ አክስቴን ደግሞ እኔና ጄኔራል በዚያው ወንበር ከታች አመጣናት።

ሁለቱ ብዙ ተያዩ። ከዚያ አክስቴ የእናቴን የሹራብ ቁልፍ እያስተካከለች «ከስተሻል» አለቻት።

«አንቺን ደግሞ ፀጉርሽን ማን ነው እንዲህ የጨፈጨፈሽ?» አለች እናቴ።

ጄኔራል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወደየቤታችሁ እንመልሳችሁ ስንል ግን ሁለቱም አሻፈረኝ አሉ። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ሶፋዎ ሥር ከተተችና፣ «ሰውየው ድንበር ቀርቷል ብሎ የለ? እንግዲህ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች። የእርስዎን ትምህርት እንዲህ አጣርቶ የተረዳ ሰው ሕንጻው ውስጥ ስለሌለ ልንከራከራት አልደፈርንም። ስለዚህ ፋይሎችዎን፣ የሚሽከረከረውን ወንበርዎንና የምስክር ወረቀትዎን ተሸክመን በእናቴ ክፍል፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ አዲስ ቢሮ አደራጅተንልዎታል። ክፍሉ ብርሃን የሞላበት ነው፤ ዳርቻን ለማጥናትም እጅግ ይመቻል። ውኃ ግን ይዘው ይምጡ።

ለእውቀትዎ ያለኝ አክብሮት በየደረጃው የሚጨምር፣ ትሑት ተከራይዎና ከእንግዲህም ወዲያ የቢሮ ጎረቤትዎ፣

የሰባተኛ ፎቋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት እኛው የጠራነው የሊፍት ጠጋኝ መጥቶ ነበር። ብልሽቱ ቀላል ስለሆነ፣ ሥራውን ለመጀመር የእርስዎ ፊርማ ብቻ ይበቃኛል ብሏል። ወረቀቱን አዲሱ ቢሮዎ ውስጥ አስቀምጠነዋል። ቀስ ብለው ይውጡ፤ የደረጃው መደገፊያ ይነቃነቃል።