የሔኖክ ሣጥን ገጽ

ሠርክዬ፣

ካሳራኒ ሰፈር አክስቴ ጋ ሄጃለሁ። የመብራቱ የቅድመ ክፍያ ቶከን ሊያልቅ ስለሆነ ሳይጠፋብሽ ግዢ። ቁልፌን በር ላይ ላለው ዘበኛ፣ ለአስካሪው ሰጥቼዋለሁ። ምስሩ ፍሪጅ ውስጥ አለልሽ፤ አሙቂና ብዪ።

ስለ ወንድሜ ስለ ሔኖክ ሣጥን ኦንላይን መዝገበ ዕውቀቱ ላይ የጻፍኩት ገጽ እንዲሰረዝ የፈረድሽው አንቺ መሆንሽን ዛሬ አየሁ። «ያለ መብራት መድኃኒት ያቀዘቅዛል ይባላል እንጂ፣ ከሠሪው በቀር ሞክሮ ያረጋገጠ የለም» ብለሻል። እውነትሽን ነው። ሔኖክ ዩኒቨርሲቲው እንዲፈትሽለት ቀጠሮ ይዞ ሲጠብቅ ሞተ። የሞተ ሰው ከየት ማስረጃ ያመጣል?

እኔማ ስሙ አንድ ቦታ ተጽፎ ይቅርልኝ ብዬ ነበር። ደንብ ደንብ ነው፣ በዚህ አልቀየምሽም።

አንጀቴን የቆረጠው ሌላ ነው። ያን ማታ አንቺ ሳሎን ተቀምጠሽ ውሳኔውን ስትጽፊ፣ እኔ ወጥ ቤት ራታችንን እየሠራሁ ነበር። «ምን እየጻፍሽ ነው?» ስልሽ፣ ቀና ሳትዪ «የቢሮ ሥራ ነው» አልሽኝ።

ጠርተሽ ብትነግሪኝ ኖሮ፣ እዚያው አጠገብሽ አልቅሼ ሳበቃ ገጹን ራሴ አጠፋው ነበር።

ለጊዜው አትደውዪልኝ።

ሐሊና