በእናታችን እጅ የተጻፈው የሞተር ምርመራ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ማጣሪያ» የሚላቸው እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1966 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በመካኒክነት ሲመረቁ ከክፍሉ ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት በአንድ የጭነት መኪና ድርጅት ጋራዥ ተቀጠሩ፤ በልካቸው የተሰፋ ቱታ ጠፍቶ ሁለት ዓመት እጅጌ እየጠቀለሉ ሠርተዋል።

በ1969 ዓ.ም. ከመምህሩ አባታችን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በቤታችን ወጥ የሚሠሩት አባታችን፣ የተበላሸ የሚጠግኑት እናታችን ነበሩ። ሰው ቢስቅም ጉዳያቸው አልነበረም።

ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ያለቀለትን የአየር ማጣሪያ አራግፎ መልሶ የሚገጥም ሰው ሲያዩ ደማቸው ይፈላ ነበር። ያገለገለ ዘይት በሁለት ጣታቸው አሽተው ከሻከራቸው፣ አቧራ ገብቷል፣ ሞተሩ ራሱን እየፈጨ ነው ይሉ ነበር። ተሳስተው አያውቁም ብንል እንዋሻለን፤ አንዴ ተሳስተው ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን ኩርፊያ በኩርፊያ አድርገውት ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ከድንጋይ ካባ የሚያመላልስ አንድ ከባድ መኪና ሞተሩ ሞተ። ድርጅቱ ሹፌሩን «ያለ ዘይት ነድተው አቃጠሉት» ብሎ አባረራቸው፤ እናታችንም በዚሁ ላይ እንዲፈርሙ ታዘዙ። ሞተሩን ፈትተው አዩና «ዓይኔ ያየውን አልክድም» ብለው እምቢ አሉ። የጻፉትን ምርመራ የሚቀበል ጠፋ። ወደ ጎማ መጋዘን ተወርውረው ጡረታ እስኪወጡ አሥራ ሦስት ዓመት እዚያው ቆዩ። አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቁም።

ለሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። አባታችንን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ትናንት ከድርጅቱ አንድ ሰው ቤታችን ድረስ መጥተው፣ የሞተሩ ነገር ዛሬ በቀብራቸው ከምናነበው የሕይወት ታሪክ ቢወጣ ለሁሉም ይሻላል አሉን። ለእናታችን አይሻልም። ስለዚህ ሹፌሩ መካከላችን ቆመው እየሰሙ፣ ማንም ያልተቀበለውን ምርመራ እንዳለ እናነባለን፦

«በሞተሩ ውስጥ ዘይት በልኩ አለ። ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ አቧራ ተጋግሯል። የፒስተኖቹ ቀለበቶች ሳስተዋል፤ የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ተፍቋል። ቱቦው እንዲቀየር ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ሹፌሩ ጥፋት የለባቸውም።»

ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ በደግ ቦታ ያኑርልን፤ ለሹፌሩም ዕድሜ ይስጥልን።