ኦዴሮ ሥራ ላይ ነው

ሰኞ፣ ማርች 4
ዛሬም ከኦዴሮ ጋር ዳቦ ቤት ዋልኩ። ካርቶን ማጠፍ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሚናገራቸው ቃላት ግን ከአስር አይበልጡም። ረፋዱ ላይ ብቻውን አጠፈ፣ እኔ አጠገቡ ዝም። ሥራዬ ይኼው ነው፦ ከባድ የአእምሮ ዕድገት ጉዳት ያለባቸውን ወጣቶች ሥራ ማስገባት፣ እስኪለምዱ አብሬ መቆም፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መራቅ።
ባራሳ፣ የዳቦ ቤቱ ኃላፊ፣ "አንቺንም ልቅጠርሽ እንዴ? ከሱ እኩል ትገቢያለሽ" አለኝ። ሳቅን።

ረቡዕ፣ ማርች 13
አለቃዬ ኦንያንጎ ጠራኝ።
"ሦስት ወር ሞላው። የድጋፉ መዝጊያ ቅጽ ላይ ፈርሚ።"
"ገና ነው። ሲጨንቀው እጁን ይነክሳል፤ ባራሳ ማባበሉን አላወቀበትም።"
"አዊኖ፣ ስንት ልጅ ተራ እየጠበቀ ነው? አንዱን አዝለሽ ልትኖሪ ነው?"
ተራ የሚጠብቁ አሉ፣ እውነቱን ነው... ፈረምኩ። "ያለ ድጋፍ ይሠራል" ይላል ወረቀቱ።

ሐሙስ፣ ማርች 14
አዲስ ልጅ ያዝኩ። ሐሳቤ ግን ዳቦ ቤት ዋለ።

አርብ፣ ኤፕሪል 19
ሳልነግራቸው ጎራ አልኩ። ኦዴሮ ጠረጴዛው ጋ የለም። ጓሮ፣ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የደንብ ልብሱን ለብሷል። እጁ ላይ ትኩስ የጥርስ ምልክት።
"ከመቼ ጀምሮ ነው?"
"አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ" አለ ባራሳ፣ ፊቴን ሳያይ። "አንድ ቀን ጮኸ፣ ካርቶኑን በታተነው፣ ሥራ ቆመ። ምን ላድርግ፣ ልምታው? ጎብኚ ሲመጣ እናስገባዋለን፣ ፎቶ ይነሳል። ደሞዙ እንደሆነ አልተቋረጠም።"
ክፉ ሰው አይደለም። የሚያናድደኝም ይኼ ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 20
እናቱ ዘንድ ሄድኩ። ማማ ኦዴሮ ገበያ ዓሣ ትሸጣለች። ሁሉንም ነገርኳት። ቢላዋዋን እንኳ አላስቀመጠችም።
"አውቃለሁ" አለች።
"ማማ፣ ያውቃሉ?"
"ካርቶን ያጥፍ በነበረ ጊዜ ማታ ማታ በእጁ እያጠፈ ያሳየኝ ነበር። ተወ። እናት አይደለሁም?" ዓሣውን ገለበጠች። "ተይው ልጄ። ጠዋት ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱም ይወጣል። ይኼን አትንኪብኝ።"


ሰኞ፣ ኤፕሪል 22
ለኦንያንጎ ደብዳቤ ጻፍኩ። ኦዴሮ እየሠራ አይደለም፤ ድጋፉ ያለጊዜው ተነስቷል፤ የፈረምኩት ሐሰት ነው። ተመልሼ አጠገቡ ልቁም ብዬም ጠየቅኩ። ለእሱ ብዬ ነው? ወይስ ፊርማዬ ከብዶኝ?... አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 30
ኦንያንጎ ደብዳቤዬን ለዳቦ ቤቱ ባለቤት አሳየው። ባለቤቱ አፈረ። አፍሮም ኦዴሮን አሰናበተ። እኔንም ኦንያንጎ "እረፍት ውጪ" አለኝ። እስከ መቼ? "እስክንጠራሽ።"

ሐሙስ፣ ሜይ 9
እነ ኦዴሮ ቤት ሄድኩ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ውስጥ ሆኖ ግድግዳውን ይመታል። ቆርቆሮ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ዞር የሚል ግን የለም። "ኦዴሮ፣ እኔ ነኝ" አልኩት። ጸጥ አለ። ከዚያ ባሰበት።
ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማማ ኦዴሮ ባዶ ሳፋዋን ይዛ መጣች። ሰላም አላለችኝም።
"ሥራ ሳይገባም እቆልፍበት ነበር" አለች። "ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዓሣ ካልሸጥኩ አንበላም። ያኔ ግን ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። አሁን መውጣትን አወቀ።"
ከነገ ጀምሮ እኔ አብሬው ልዋል አልኳት።
"ሲጠሩሽስ?"
ሳፋዋን ተቀበልኳት። ከዚያ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ እጄ ላይ አደረገችው።
"ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጫማውን አድርጎ በሩ ጋ ይቆማል" አለችኝ። "ከዚያ በፊት ድረሺ።"