ያጠረው ክር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
የካቲት 5 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሽሮ ሜዳ ላለኸው፣ ለምወድህ ወንድም ጋሼ ካሱ፦

እንዴት ነህ? የአዲስ አበባ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ተሽሏታል፤ ገበያ ወጥታ ቆጮዋን መሸጥ ጀምራለች። እኔም ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂና ፊዚክስ ጋር ግብግብ ገጥሜያለሁ። ይህን የምጽፍልህን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ግን ስለ አየሩ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ተቀመጥና አንብብልኝ። መሳቅ ተፈቅዶልሃል፣ እስከ መጨረሻው ግን አይደለም።

ለመስቀል መጥተህ ሳለ ከሸማህ የተረፈ ክር የለመንኩህን ታስታውሳለህ? የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ጫኖ ያለውን የገበሬውን የአቶ ባዘዘውን የውሃ ጉድጓድ በየቅዳሜው ሊለካ ነበር። ክሩን በየግማሽ ሜትሩ ቋጥረን፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረን እንለቀዋለን፤ ውሃው ጋ እስኪደርስ ስንት ቋጠሮ እንደወረደ እንቆጥራለን። አንተ ክሩን ስትሰጠኝ «መጀመሪያ ዘፍዝፊው፣ ወጥረሽ አድርቂው፣ ከዚያ ቋጥሪው» አልከኝ። እኔ ደግሞ «ይሄ ሽመና አይደለም፣ ሳይንስ ነው!» አልኩህ። አንተም ሳቅክብኝ።

አስራ አንድ ቅዳሜ ለካን። ውሃው በየሳምንቱ እየራቀ፣ ስድስት ሜትር ላይ የነበረው በአርባ ሳንቲሜትር ገደማ ወረደ። የባዮሎጂ መምህራችን መምህር ሸዋንዳኝ ሥራችንን ለጥር የሳይንስ ዐውደ ርዕይ መረጡት። ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ብታየኝ! አቶ ባዘዘው ግን ደነገጡ። ውሃው ለማንጎዎቹ ይትረፍ ብለው አንድ መስመር ሙዝ ነቀሉ።

ዐውደ ርዕዩ ሦስት ቀን ሲቀረው የክፍል ጓደኛዬ ፅዮን የምናሳየውን የጉድጓድ ሥዕል በልክ ለመሣል ብላ የአባቷን የብረት ሜትር ይዛ መጣች። ክሩን አጠገቡ ዘረጋነው። ግማሽ ሜትር ያልነው አርባ ሰባት ሳንቲሜትር ሆኖ ተገኘ። ደግመን ለካነው፣ ያው ነው። ክሩ ውሃ በነካው ቁጥር ሲሰበሰብ ከርሟል፤ ቋጠሮዎቹ ሲቀራረቡ የምንቆጥረው በዛ። ውሃውማ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ዐውደ ርዕዩ እስኪያልፍ ዝም እንበል» አለች ፅዮን። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ልቤ ከጅሎ ነበር። ያ የተነቀለ ሙዝ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። በማግስቱ ለመምህር ሸዋንዳኝ ነገርናቸው። «አሁኑኑ ጫኖ ሂዱ» አሉን።

አቶ ባዘዘው ሰምተው ሲጨርሱ «ታዲያ ሙዜን የነቀልኩት በክርሽ ነው?» አሉኝ። የተነቀለውን መስመር አዩ፣ እኔን አዩ። «እንኳን ራስሽ መጥተሽ ነገርሽኝ። ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ጉድጓዴ አጠገብ አትደርሺም ነበር።» ከዚያ ዶማ ሰጡን። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የሙዝ ችግኝ ስንተክል ውለን እጃችን ተላጠ።

ዐውደ ርዕዩ አመለጠን፤ ቦታችን ለሌሎች ልጆች ተሰጠ። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽህም። ሆኖም መምህር ሸዋንዳኝ «ስህተቱንም ጽፋችሁ፣ በሚያዝያ አዲስ ልኬት ይዛችሁ ለትምህርት ቤቱ ታቀርባላችሁ» አሉን። ክሩ መዘፍዘፍ እንደነበረበት ማን እንደነገረኝም ጠየቁኝ። «ወንድሜ ነው፣ ሸማኔ ነው» አልኩ። ስምህን በሪፖርቱ ሊጽፉ እስክሪብቶ አነሱ፤ «ካሱ ይፍሩ» ስላቸው መልሰው አስቀመጡት።

«በዘጠና ዘጠኝ ለመሰናዶ ያለፈው ካሱ? መስከረም ላይ ብጠብቀው ብጠብቀው ሳይመዘገብ የቀረው?»

ወንድም ጋሼ፣ አባባ ባረፈበት ክረምት «ውጤት አልመጣልኝም» ብለኸን ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩ ጉረኛ «ሰነፍ!» ብዬሃለሁ። አንተ ደብተርህን ለእኔ ትተህ አዲስ አበባ ሸማ ልትሠራ ሄድክ። እማዬን ስጠይቃት ከሣጥኗ ሥር የውጤት ወረቀትህን አወጣች። ለካ ታውቅ ኖሯል። ፊዚክስ ላይ «ኤ» አለህ! እኔ እስካሁን ያልደረስኩበት።

ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። መምህር ሸዋንዳኝ አዲስ አበባ የማታ መሰናዶ አለ ብለዋል። ሄደህ ጠይቅ፤ ዕድሜዬ፣ ሥራዬ እያልክ እንዳታደክመኝ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የውሃን ነገር መማር እፈልጋለሁ፤ አንተ ግን ከእኔ ኋላ መቅረት የለብህም። ለአዲሱ ልኬትም ክር ላክልን። አንተ ዘፍዝፈህ፣ ወጥረህ፣ አድርቀህ ላከው፤ የምቋጥረው እኔ ነኝ።

እማዬ «መንገድህ ሁሉ የቀና ይሁን፣ እጅህን አይመምህ» ብላሃለች። ከብርድ ተጠንቀቅ። እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

ሰነፍ ያለችህ እህትህ፣
ሻሺቱ ይፍሩ